የሚራመደው ወሰን

በደርግ ዘመን ቀያሽ ነበርኩ። ቀያሽ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። መሥሪያ ቤታችን ርቀትን በጨረር የሚለካ አዲስ መሣሪያ ከአንድ ወዳጅ አገር መጥቶለት ነበር፤ ኃላፊያችን ግን እንዳይበላሽ ብለው ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፈውበታል፤ የሚወጣው እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው። እኛ ተራዎቹ ኮምፓስና የጨርቅ ሜትር ተሸክመን ጭቃ ለጭቃ እንዞራለን።

አንድ ጠዋት ከልደታ ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ ወዳለ ቀበሌ ተላክሁ። እዚያ ጠላ እየሸጡ የሚተዳደሩ አንዲት ባልቴት አሉ። ከግቢያቸው ጎን ደግሞ የቀበሌው ሱቅ አለ። ሊቀመንበሩ ለስኳርና ለሳሙና መጋዘን ሊሠሩ አስበዋልና፣ የባልቴቷ ማድ ቤት የቆመው በሱቁ መሬት ላይ ነው ይላሉ። ባልቴቷ ደግሞ ባሌ የሠራው በገዛ መሬታችን ላይ ነው ይላሉ። ጠላው የሚጠመቀው እዚያ ስለሆነ፣ ማድ ቤቱ ፈረሰ ማለት የሚበሉት አጡ ማለት ነው።

ከድሮዎቹ የወሰን ድንጋዮች የቀረው አንዱ ብቻ ነበር፤ ሌሎቹን ሰዎች ነቅለው ለቤት መሠረት አድርገዋቸዋል። ስለዚህ ኮምፓሱን ከቀረው ድንጋይ ላይ ተክዬ፣ በድሮው ፕላን የተጻፈውን አቅጣጫ ይዤ መስመሩን ማውጣት ነበረብኝ። ኮምፓስ አጠገቡ ብረት ካለ ይሳሳታል። እንደተማርኩት ቁልፌን ከኪሴ አወጣሁ፣ ሰዓቴን ፈታሁ፣ ዘለበቱ ብረት ነውና ቀበቶዬንም ፈታሁ። ሱሪዬ ሰፊ ስለነበር በአንድ እጄ ይዤው ሥራ ጀመርኩ።

የረሳሁት ከሊቀመንበሩ ጋር የመጣውን የአብዮት ጥበቃ ነው። ገና ወጣት ነው፤ ምንሽር ጠመንጃውን እንዳነገተ ኮምፓሱን በቅርብ ለማየት መጥቶ ትከሻዬ ላይ ተለጠፈ። መስመሩን ሳወጣ ማድ ቤቱን ለሁለት ሰነጠቀው።

«ሳይንስ አይዋሽም!» አሉ ሊቀመንበሩ፤ ፊታቸው በራ።

ለማረጋገጥ ብዬ ደግሜ አየሁ። ያን ጊዜ ጥበቃው ሲጋራ ሊለኩስ ራቅ ብሎ ነበር። መስመሩ ከማድ ቤቱ ወጥቶ ወደ ሱቁ ሄደ። ምን ተፈጠረ ብሎ ጥበቃው ተመለሰ፤ መስመሩም አብሮት ተመለሰ።

«ጓድ ቀያሽ፣ ወሰን ይራመዳል እንዴ?» አሉ ሊቀመንበሩ።

ላብ አጠመቀኝ። ምክንያቱ ጠፍቶኝ አይደለም። ግን በዚያ ዘመን አብዮት ጥበቃን «ጠመንጃህን ወዲያ አድርግ» ማለት የሚያመጣውን ጣጣ አስቡት። «ጓድ፣ እባክህን...» ብዬ ጀመርኩና «...ክብሪት አለህ?» ብዬ ጨረስኩ። ሲጋራ አላጨስም። ፈራሁ፤ ደግሞስ ሱሪውን በእጁ የያዘ ሰው ምን ዓይነት ጀግና ይወጣዋል?

ባልቴቷ ከማድ ቤታቸው ደጃፍ ቆመው ሁሉንም ሲያዩ ቆይተዋል። ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ይቺ መርፌህ ጠመንጃ ትፈራለች?»

ሊቀመንበሩ ሰማይ ሰማይ አዩ። ጥበቃው ግን አልተቆጣም። ጠመንጃውን አውርዶ አፈሙዙን ወደ ኮምፓሱ አስጠጋ፤ መርፌዋ ዞረች። ወደ ግራ ወሰደው፤ ተከተለችው። ወደ ቀኝ መለሰው፤ ተመለሰች። ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ያለ ታዛዥ አግኝቶ የሚያውቅ አይመስለኝም፤ ጥርሱ ሁሉ ታየ።

«እማማ፣ እስከ የት ላድርስልዎ?» አለ። ለካ የጠላቸው ደንበኛ ነው! እሱ አፈሙዙን ሲያንቀሳቅስ እኔ መስመሩ የት እንደደረሰ እናገራለሁ፤ ሱቁ ውስጥ ገባ፤ የስኳሩን ጆንያ አልፎ ሄደ። ሊቀመንበሩ ስለ ሳይንስ ማውራት ተዉ።

እኔማ ደስ አለኝ። ጥበቃው ባዘዘው ቦታ ችካል ብተክል ማን ይጠይቀኛል? ሜትሬን አነሳሁ። ባልቴቷ ግን ጥበቃውን ክንዱን ያዙት።

«ተው ልጄ» አሉት። «ዛሬ ለእኔ ብለህ ያዞርካትን፣ ነገ ሌላው መጥቶ ያዞርብኛል። ይሄን ብረትህን ወዲያ ወስደህ አስቀምጥና በወጉ ይለካ። ባሌ የሠራው በሰው መሬት ላይ ከሆነ እኔው ራሴ አፈርሰዋለሁ።» የመጨረሻውን ሲናገሩ ወደ ማድ ቤታቸው ዞር ብለው አዩ።

ጥበቃው ሄዶ ምንሽሩን ከግቢው በር ላይ አስደግፎት ተመለሰ። እኔ አጎንብሼ ወደ ኮምፓሱ አየሁ። መርፌዋ ተወዛወዘች፣ ተወዛወዘችና ቆመች። መስመሩ ከማድ ቤቱ ግድግዳ አንድ ስንዝር ያህል ራቅ ብሎ አለፈ። ማድ ቤቱ የሳቸው ነው። ይህን ጮክ ብዬ ስናገር ሱሪዬን ልለቀው ምንም አልቀረኝም።

ባልቴቷ እንባቸውን በነጠላቸው ጠርገው መዶሻውን ከእጄ ተቀበሉ፤ ችካሉን እኔ ካልመታሁ አሉ። ጥበቃው ቁጢጥ ብሎ ችካሉን በሁለት እጁ ያዘላቸው። መዶሻው ከፍ ሲል ዓይኑን ጨፈነ።

«እማማ፣ ጣቴን!»

«አትንቀሳቀስ!» አሉት።

አልተንቀሳቀሰም።