የሁለት ቤት በርጩማ

የደቡብ ሱዳን ሕዝበ ውሳኔ ሊደርስ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነው። ጁባ፣ ካስተም ገበያ የመኪና መለዋወጫ እሸጥ ነበር። አብሮኝ የሚሠራው ጓደኛዬ የአገሩ ሰው ቢሆንም ያደገው ጋምቤላ፣ ስደተኛ ካምፕ ነው። ወላጆቹ በልጅነቱ ሞተውበት ሐበሾች አሳደጉት፤ በአማርኛ ተረትና ምሳሌ እኔን ያስንቀኛል። ረጃፍ፣ ወደ አባቱ መንደር በሄደ ቁጥር ግን «አንተ ሐበሻ ነህ፤ የማን ልጅ እንደሆንክ በምን እናውቃለን?» እያሉ ይመልሱታል።

አንድ እሑድ ከቸርች ስንወጣ ክንዴን ያዘኝ። «ዛሬ አብረኸኝ ትሄዳለህ። ብቻዬን ከሄድኩ እጣላለሁ» አለኝ።

የወሰደኝ ንያኩሮን ሰፈር ነው። ጡረታ የወጡ አንድ መምህር ጓሯቸው ባለች የቆርቆሮ ክፍል ጦርነቱ የበተነውን ዕቃ ሰብስበዋል፤ ከበሮ፣ ጦር፣ ጨሌ። ሁሉም ባለቤት ነኝ ባይ ሁለት ሁለት አለው፤ ሁለት ሁለት ወረቀትም ተለጥፎበታል። «ሙዚየም ያልከኝ ይቺን ነው?» ብዬ ቀለድኩ። አልሳቀም።

ዓይኑ አንዲት ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ነበር። አንዱ ወረቀት የአያቱ ናት ይላል፤ ሌላው የአንድ የረጃፍ ሽማግሌ። የዚያን ቀን ሽማግሌው ይመጣሉ፤ መምህሩ ሁለቱንም ሰምተው አንዱን ወረቀት ይቀድዳሉ። «የአያቴ ካልሆነች እኔም የማንም አይደለሁም» አለኝ። መምህሩ ደግሞ ገና ከበር አስጠንቅቀውኛል፤ በሟች በርጩማ የሚቀመጥ ዘሩ ብቻ ነው፣ የተቀመጠባት ሰው «የኔ ናት» ብሏል፣ ነገሩ አለቀ።

ሽማግሌው ምርኩዛቸውን ይዘው፣ ሁለት ጎረምሳ ልጆቻቸውን አስከትለው ገቡ። ልጆቹ ጓደኛዬን ከእግር እስከ ራሱ ገላመጡት። ማንም ሰላም አላለም። ሙቀቱ ያፍናል፤ ሽማግሌው ቆመው ያለከልካሉ።

እኔ ምን ነካኝ? ያሳደገኝ ሰፈር ነዋ! ትልቅ ሰው ቆሞ እያየሁ እጄ እኔን ሳያማክር በርጩማዋን ከመደርደሪያው አወረደ፣ በእጅጌዬ ጠረገ፣ ፊታቸው አስቀመጠ። «ኖር! ይቀመጡ አባባ» አልኩ።

«አንተ ሰውዬ ገደልከኝ!» ብሎ ጓደኛዬ ጮኸ።

ኢየሱስ! ያኔ ነው የገባኝ። እጄ ይቆረጥ! በርጩማዋን እንዳልመልስ አንደኛው ጎረምሳ ፊቴ ተገተረ። ሽማግሌው ምርኩዛቸውን ተደግፈው ጎንበስ አሉ፤ ጉልበታቸው ታጠፈ። ጓደኛዬ ዓይኑን ጨፈነ። እኔ በልቤ «ጌታ ሆይ፣ አስቁምልኝ» እላለሁ።

ግማሽ መንገድ ላይ ቆሙ። እንደዚያው ጎንበስ ብለው ቆዩና ቀና አሉ። ላብ አጥምቋቸዋል። ለመምህሩ በጁባ ዓረብኛ ተናገሩ፤ እኔም የገበያውን ያህል እሰማለሁ። ልጅ ሳሉ ማታ ማታ ይቺን በርጩማ ተሸክመው ለባለቤቷ፣ ለጓደኛዬ አያት፣ የሚያቀርቡት እሳቸው ነበሩ፤ አንድ ቀን ተቀምጠውባት አያውቁም። ዘር አልተረፈለትም ብለው፣ የባዕድ እጅ እንዳትገባ ነው የጠየቋት። ልጆቻቸው አንገታቸውን ደፉ።

ከዚያ ወደ ጓደኛዬ ዞሩ፣ አያቱን ያገኙበት ይመስል ፊቱን ትኩር ብለው አዩና «ጌኒ» አሉት፤ ተቀመጥ።

ተቀመጠ። ጉልበቱ ደረቱ ጋ ደረሰ። መምህሩ አንዱን ወረቀት ቀደዱ። እኔ ደስታዬን አልቻልኩትም፤ እንባዬ መጣ።

ሽማግሌው መዳፋቸውን አናቱ ላይ ጭነው፣ በአያቱ ቋንቋ፣ ቀስ ብለው አንድ ነገር ተናገሩ። ጎረምሶቹ ቀና ብለው ያዩታል። እሱ እንደገባው ሰው ራሱን ነቀነቀ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብሎ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ በአማርኛ ጠየቀኝ።

«ምን አሉኝ?»

እኔ ምን አውቄ? ምርቃት መሰለኝ። «አሜን በል» አልኩት።

«አሜን» አለ።

ሽማግሌው እጃቸውን አላነሡም። መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ያንኑ ጥያቄ ደግመው ጠየቁት።