ከገደሉ ማዶ የታየች ነጠላ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት መስከረም ውስጥ፣ መስቀል ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። አንዳንድ ጠዋት የሱቄን በር ከፍቼ ጭጋጉ ከአስፋልቱ ላይ ቀስ እያለ ሲነሳ ሳይ፣ እውነት ሆኗል ወይስ በሕልሜ ያየሁት ነው እያልኩ ራሴን እጠይቃለሁ። ሕልም እንዳልለው ምስክሩ ብዙ ነው።

ደብረ ታቦር ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። ወፍ ማየት የጀመርኩት ለቀለም ካለኝ ፍቅር የተነሳ ነው። አንድ ቀን ከሱቄ ጀርባ ካለው ቁጥቋጦ ላይ አንዲት ትንሽ ወፍ አረፈች። ደረቷ ላይ የነበረው ሰማያዊ በየትኛውም የጨርቅ ጥቅል ውስጥ ያላየሁት ሰማያዊ ነበር። ከዚያ ወዲያ ልቤ ተሰረቀ። ጎረቤቶቼ “ባል ፈልጊ ቢሏት ወፍ ትፈልጋለች” እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ።

የመጀመሪያውን ባይናኩላር፣ ያን ሩቁን የሚያቀርበውን መነጽር፣ የገዛሁት ርካሽነቱን ብቻ አይቼ ነው። ትልቅ ነው፣ ከባድ ነው፣ ያስከብራል። ጉና ተራራ ላይ አንድ ቀን ካፊያ መታው። መስተዋቱን ብጠርገው፣ ብጠርገው አልጠራ አለ። ለካ ጭጋጉ ከውስጥ ኖሯል። ከዚያ በኋላ በእሱ ያየሁት ወፍ ሁሉ እርግብ መሰለኝ።

ሁለተኛውን ስገዛ ብልጥ ሆንኩ። ወፍ የሚወዱ ሰዎች የሚጻጻፉበት አንድ የቴሌግራም ገጽ አለ፤ እዚያ ጠየቅሁ። ስምንት እጥፍ የሚያቀርብ ይበቃሻል አሉኝ። ከዚያ በላይ ያለው እጅሽ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ወፉን እስክስታ ያስወርደዋል። የፊት መስተዋቱ ሰፋ ያለ ይሁን፣ ማለዳና ማታ ብርሃን እንዲሰበስብልሽ። መገጣጠሚያው በጎማ የታሸገ፣ ውስጡም በደረቅ ጋዝ የተሞላ ከሆነ ዝናብ አይገባውም፣ ከውስጥም ጉም አይሠራም። ይህን ሁሉ በቃሌ ይዤ ራዲዮና የእጅ ባትሪ ወደሚሸጡት ወደ ሐጂ ሰይድ ሱቅ ሄድኩ።

ሐጂ መጀመሪያ ያወጡልኝ ክንድ የሚያህለውን ነው።

“ይኼን ውሰጂ። ጨረቃ ላይ ያለው ጉድጓድ ሳይቀር ይታይሻል።”

“ሐጂ፣ ጨረቃ ላይ ወፍ መኖሩን አልሰማሁም” አልኳቸው።

ሳቁና ከታች ትንሿን አወጡ። ጥቁር ጎማ የለበሰች፣ እጅ ላይ የምትመች ናት። ዋጋዋም ከትልቁ ያነሰ ነበር፤ ትልቅ ነገር ቶሎ ስለሚሸጥ መሰለኝ። በሩ ላይ ቆሜ ማዶ ያለው የመድኃኒት ቤት ታፔላ ላይ ባነጣጥራት፣ እላዩ ላይ የተቀመጠችው እርግብ እግሯ ቀይ ሆኖ ታየኝ።

“ውኃ አታስገባም?”

“በፍጹም!”

“እንግዲያው ባልዲ ያምጡልኝ።”

“ኧረ በአላህ! ሳሙና መሰለችሽ እንዴ?”

አልለቀቅኋቸውም። በመጨረሻ ባልዲው መጣ፤ ሐጂ ዓይናቸውን ጨፍነው “ቢስሚላህ” ብለው ነከሯት። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያያል። አውጥተን በነጠላዬ ጫፍ ጠረግኋትና ቀና ብዬ አየሁ። እርግቧ እዚያው አለች፤ እግሯም እንደቀላ ነው። ከእኔ ይልቅ የተደሰቱት ሐጂ ናቸው።

ባይናኩላሯን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ለበዓሉ ወደ አባቴ ቤት ሄድኩ። ቤታችን ጉና ጥግ፣ ገደል አፋፍ ላይ ነው። ከገደሉ ማዶ፣ ልክ ፊት ለፊታችን፣ የአባቴ እኅት የአክስቴ የሺ ቤት ይታያል። በዓይን ሲታይ አንድ የቆርቆሮ ብልጭታና ጥቂት ባሕር ዛፍ ነው። ወርዶ ወንዙን ተሻግሮ ለመውጣት ግን ግማሽ ቀን ይፈጃል።

አባቴ ያን መንገድ ከረገጡት ዓመታት አልፈው ነበር። የተጣሉት ከአክስቴ ባል ከአያ ደሴ ጋር ነው። ሁለቱ አብሮ አደጎች ናቸው፤ በሬ አቀናጅተው ያረሱ፣ አንዱ የሌላውን አዝመራ ያጨዱ። አንድ ሽምግልና ላይ አባቴ ሲናገሩ አያ ደሴ ጣልቃ ገብተው “የአለሙ ቃል ውኃ አያነሳም” አሉ። ተሰብሳቢው ሳቀ። አባቴ ዱላቸውን አንስተው ወጡ፤ በዚያው ቀሩ። በእኛ አገር ሰው ድህነቱን ቢነግሩት ይችላል፤ ቃልህ ከንቱ ነው ሲባል ግን አይችልም።

በማግስቱ ማለዳ ከቤታችን ኋላ ካለው የድንጋይ ካብ ላይ ተቀመጥን። ጭጋጉ ገደሉን ሞልቶታል። ማዶ ያለው መሬት ወተት ላይ የተንሳፈፈ ይመስል ነበር። አደዩ ፈክቷል፤ ገብሱ ላይ ያደረው ጤዛ ያበራል። የምፈልገው የመስቀልን ወፍ ነበር፣ ያን ጥቁርና ቢጫ የለበሰውን።

“በዓመት አንዴ ብቅ የምትይው አንቺ እያለሽ ሌላ የመስቀል ወፍ ምን ያደርግልሻል?” አሉኝ አባቴ።

“እርስዎም ይዩበት እንጂ አባዬ። ደግሞ ውኃ አያስገባም።”

“እሱስ ደግ ነው። ውኃ የማያነሳው የእኔ ቃል ነው” ብለው ተቀበሉኝ። ቀልዳቸው እዚያው ቁስሉ ላይ ነው ዘወትር የሚያርፈው።

ማስተካከያውን አሳየኋቸው። መጀመሪያ ገብሱን አዩ፣ ከዚያ የጎረቤት በጎችን። ቀስ በቀስ ባይናኩላሯ ወደ ማዶ ዞረች። ጭጋጉ ከዚያ በኩል እየተገፈፈ ነበር፤ አባቴም ለረጅም ጊዜ አዩ። የናፈቃቸውን ነገር እያዩ እንደሆነ ገባኝና ወፉን ተውኩት።

ድንገት ባይናኩላሯን ከዓይናቸው አወረዱ።

“የሺ ጥለቷን ገልብጣለች” አሉ።

ተቀብዬ አየሁ። አክስቴ ደጃፏ ላይ ቆማለች። መስተዋቱ አንዳች ጉም የለበትም፤ የነጠላዋን ጥለት ቀለም ሳይቀር ለየሁት። ታች እግሯ ጋ መሆን የነበረበት ጥለት ላይ አንገቷ ጋ ነው። እንዲያ የሚለበሰው ሐዘን ሲሆን ነው። ሁለት ሰዎች ደግሞ ረጃጅም እንጨት ተሸክመው ወደ ግቢው ሲገቡ አየሁ።

“ዳስ ሊጥሉ ነው” አሉ አባቴ ስነግራቸው። “ደሴ ሞቷል።”

ለአክስቴ ልጅ ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነው። ደግሜ ደወልኩ፤ ያው ነው። ቀና ስል አባቴ በቅሎዋን እየጫኑ ነበር።

“አባዬ፣ ጉልበትዎን ያመዎታል። ቆይ ላጣራ” አልኳቸው።

“ሞት ቂም አይጠይቅም፣ ልጄ” አሉኝ።

ቁልቁለቱን ስንወርድ ጭጋጉ ውስጥ ገባን። በፊቴ የሚታየኝ የበቅሎዋ ጭራና የአባቴ ጋቢ ብቻ ነበር። ከየት እንደሆነ የማይታወቅ የውኃ ድምፅ ይሰማል። አንዲት ወፍ ከአጠገቤ ታዜማለች፤ አላየኋትም። መሬት ላይ የምሄድ አልመሰለኝም። አባቴ ለበቅሎዋ ይሁን ለእኔ ባልታወቀኝ ድምፅ ይናገሩ ነበር።

“ታሟል ሲሉኝ ሰምቼ ነበር እኮ። ነገ እሄዳለሁ፣ ከነገ ወዲያ እሄዳለሁ ስል ነው የከረምኩት። አሁን የሞተን ሰው ምን ብለው ይታረቁታል?”

ወንዙ ጋ ስንደርስ አባቴን አዝዬ ላሻግራቸው ሁሉ ቃጥቶኝ ነበር፤ በቅሎዋ አሻገረቻቸው። አቀበቱን ስንወጣ ዝናብ ወረደብን፤ በስብሰን ነው የደረስነው።

ለቀስተኛ ደጅ ሲደርስ ድምፁን ማሰማት አለበት። አባቴ አጥሩ ጋ ከበቅሎ ወረዱ፣ ቆባቸውን ጣሉ፣ ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ አደገደጉ።

“ወንድሜን! ወንድሜን!” ብለው ጮኹ።

እንዲህ ዓይነት ድምፅ ከአባቴ ሰምቼ አላውቅም። ደረታቸውን እየመቱ ወደ ግቢው ገቡና ግጥም አወረዱ።

“ሞፈሩን ተሸክሞ ሲወርድ ወደ ማሳ፣
ጉና እንኳ ጭጋጉን ለእርሱ ነው የሚያነሳ።”

አክስቴ ወንፊት እንደያዘች ብቅ አለች። ወንድሟ ከስንት ዓመት በኋላ ደጇ ላይ ቆሞ ሲያለቅስ ስታይ፣ በእኛ በኩል ሰው የሞተ መስሏት ወንፊቱን ወርውራ “ማን ሞተብኝ?” ብላ እሪ አለች። አባቴ የእሷን እሪታ ሲሰሙ ባሰባቸው። ሁለቱ ተቃቅፈው ይላቀሳሉ። እኔም አብሬ አለቀስኩ። ጎረቤት እየሮጠ መጣ፤ የመጣው ሁሉ ማን እንደሞተ ሳይጠይቅ ያለቅሳል።

በዚህ መሐል ከቤት ውስጥ የደከመ ድምፅ መጣ።

“ኧረ ዝም በሉ! ሰውየው ግጥሙን ይጨርስበት!”

ለቅሶው ተቋረጠ። አያ ደሴ ብርድ ልብስ ተከናንበው፣ የበሩን መቃን ተደግፈው ብቅ አሉ። ከስተዋል፤ ዓይናቸው ግን ይስቃል። አባቴ እጃቸው ደረታቸው ላይ እንዳለ ደርቀው ቀሩ። አንዲት ጎረቤት አማተበች።

“ሞተሃል ብዬ ነው እኮ” አሉ አባቴ፣ ጥፋት እንደተገኘበት ልጅ።

“ብሞት እንዲህ ልትለኝ ኖሯል?”

አባቴ አንገታቸውን ደፉ። አያ ደሴ መቃኑን ለቀው፣ እየተንገዳገዱ ጥቂት መጡና እጃቸውን ዘረጉ።

“አለሙ፣ ይኼስ ቃል ውኃ ያነሳል” አሉ።

ሁለቱ ሽማግሎች ዝናቡ ውስጥ ቆመው ተሳሳሙ። ትከሻ ለትከሻ ነው ወይስ ጉንጭ ለጉንጭ አላየሁም፤ ዓይኔን እንባ ሞልቶት ነበር።

እሳት ዳር ከተቀመጥን በኋላ ነው ነገሩ የተጣራው። እንጨቱ ለሰፈሩ ደመራ የተቆረጠ ነው።

“ነጠላውስ?” አልኳት አክስቴን።

“ጭቃው ነዋ! ለመስቀል የተገዛ አዲስ ጥለት መሬት ለመሬት ልጎትተው ኖሯል? እስኪደርቅ ብዬ ገለበጥኩት” አለችኝ።

ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ጨርቅ ሰፍቼ የማድር ሴት ሆኜ ሐዘንና ጭቃ መለየት አቅቶኝ ሰው ገደልኩ። አያ ደሴ የሚጎርሱት ድንች እስኪያንቃቸው ሳቁ። “ይቺ ዕቃ ጎበዝ ናት፤ ሰው ታቀርባለች። ጆሮ ግን የላትም” አሉ። በዓሉን እዚያው ዋልን። ደመራው ሲለኮስ ሁለቱ አንድ ጋቢ ደርበው ቆመው ነበር። ያን እሳት ሳይ ራሴን መሬት ላይ ነኝ ብዬ ማሳመን አልቻልኩም።

አያ ደሴ ያረፉት ጥር ውስጥ ነው። ሕመሙ አልለቀቃቸውም። እስከዚያው ግን አባቴ ጉልበታቸው እያመማቸውም ይመላለሱ ነበር፤ በቅሎዋ መንገዱን ከእርሳቸው በላይ ለመደችው። አልጋው አጠገብ ተቀምጠው ምን ይጫወቱ እንደነበር አክስቴ እንኳ በደንብ አታውቅም። ሳቃቸው ብቻ ነበር የሚሰማት።

በቀብሩ ዕለት ሰው ሁሉ አባቴን ይጠብቅ ነበር። በመስከረም ያሰሙት ግጥም አገር ምድሩን አዳርሷል። አንድ ሽማግሌ ቀረብ ብለው “አለሙ፣ አንድ በልለት እንጂ” አሏቸው።

አባቴ ሄደው አስከሬኑ ራስጌ ቆሙ። ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ።

“እኔ የምለውን በቁሙ ብዬዋለሁ” አሉ።

ከጎናቸው ነበርኩ። እያለቀስኩ ሳለ አንድ ትልቅ ደስታ ተሰማኝ። ያን ጠዋት ጥለቱን በትክክል አንብበነው ቢሆን አባቴ ያቺን በቅሎ አይጭኗትም ነበር። ይህን ሳስብ ዛሬም ልቤ ድንግጥ ይላል፤ ወዲያው ደግሞ ያ ደስታ ይመለስልኛል።