የጋሽ ይመር ትርጉም

ትናንት ልጄ አንድ አሮጌ የህንድ ፊልም ከፈተች። ዘፈኑን ስሰማ ክው አልሁ፤ በልጅነቴ ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈራችን፣ ቪዲዮ ቤት ያየሁት ፊልም ነው።

ያኔ ጋሽ ይመር የሚባል ሰው ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ ፊልሙን በአማርኛ ይተረጉምልን ነበር። ክፍሉ ላብና የሽምብራ ቆሎ ይሸታል። አባቴ ጥሎን ኮምቦልቻ ከወረደ ገና ወሩ ነው። ፊልሙ ላይም አንድ አባት ልጆቹን ትቶ ሲሄድ ጋሽ ይመር፣ "በሽታ ይዞት ነው፤ እንዳይጋባባቸው ብሎ ራቀ" አለን።

"ወላሂ ይመር፣ ትዋሻለህ! እየሳቀ አይደል እንዴ የሚሄደው?" አለ ከኋላ አንድ ሾፌር።

"አንተ ዝም በል! ፊት የተቀመጠው የማን ልጅ እንደሆነ አታይም?" አለው ጋሽ ይመር።

ፊት የተቀመጥሁት እኔ ነበርሁ፤ ነገሩ ግን አልገባኝም። አባቴም ታሞ የራቀ መስሎኝ፣ አላህ እንዲያሽረው ስንት ዘመን ዱዓ አደረግሁ።

ማንበብ የተማርሁት ከሸበትሁ በኋላ ነው። ትናንት ፊልሙ አባትየው የሚሄድበት ቦታ ላይ ሲደርስ፣ "አቁሚው" አልኳትና ከታች የተጻፈውን አማርኛ ፊደል በፊደል አነበብሁት። አባትየው "እነዚህን ልጆች አልፈልጋቸውም" ይላል። ፊልሙን ዘጋሁት።

"አባዬ፣ ፊልሙን አልወደድከውም?" አለች ልጄ።

"ቆሻሻ ነው" አልኳት። "የጋሽ ይመር ይሻል ነበር።"