ሣጥን የሆነው የጥሪ ካርድ

ዲላ ውስጥ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ደንበኞች በሚያመጡት ፍላሽ ቫይረስ እየገባ ሥራ ሲያስፈታኝ፣ ይርጋጨፌ ኮምፒውተር የምታስተምረው ታላቅ እህቴ መጥታ የነበረውን ሁሉ አጥፍታ ሊኑክስ የሚባል ሌላ የኮምፒውተር ሥርዓት ጫነችልኝ። ቫይረሱ እውነትም ጠፋ። እኔ ግን በገዛ ቤቴ እንግዳ ሆንኩ።

አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ከወናጎ አንድ አባት የልጃቸውን የሠርግ ጥሪ ካርድ ሊወስዱ መጡ። ጽሑፉን ቀደም ብዬ ጨርሼዋለሁ፤ የቀረው ማተም ነው። ላትም ስል ኮምፒውተሩ ቦታ ሞልቷል አለኝ። ደጋግሜ ሞከርኩ፣ እምቢ አለ። እህቴ ጋ ደወልኩ።

«ጥቁሩን መስኮት ክፈቺ» አለችኝ።

ያንን መስኮት አልወደውም። በማውስ የሚነካ ነገር የለውም። ትዕዛዝ እስክጽፍለት ድረስ አንዲት ነጭ ሰረዝ ብቻ ብልጭ ድርግም ትላለች።

«እስቲ የተጫኑትን ፓኬጆች እንይ።»

«ፓኬጄ አልቋል። በደቂቃ ነው የደወልኩልሽ።»

«የስልኩን አይደለም! ፕሮግራም ሲጫን ተጠቅልሎ ነው የሚመጣው። ጥቅሉን ነው ፓኬጅ የሚሉት።»

ፊደል በፊደል እየነገረችኝ ጻፍኩ። ስሞች እንደ ጎርፍ ወረዱ። ብዙዎቹ የሚጀምሩት «ሊብ» በሚል ነው፤ እኔ «ልብ» እያልኩ ነበር የማነበው። ይሄ ሁሉ ልብ አንድ ኮምፒውተር ውስጥ ምን እንደሚሠራ ግራ ገባኝ።

ለሠርግ ቪዲዮ ይሆናል ብላ ጭናልኝ ነክቼው የማላውቀውን ትልቅ ፕሮግራም አስጠፋችኝ። ቀጥሎ የነገረችኝን ትዕዛዝ ስጽፍ ኮምፒውተሩ ሌላ ረጅም ዝርዝር አወጣና፣ እነዚህ ከእንግዲህ አያስፈልጉም፣ ላጥፋቸው ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

«ካጠፋሽው ፕሮግራም ጋር የመጡ ናቸው» አለች እህቴ። «እሱ ከሄደ ፈላጊ የላቸውም። ዋይ የሚለውን ፊደል ተጫኚ፣ እሺ ማለት ነው።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ኮምፒውተሩ ራሱ ያውቃል።»

ተጫንኩ። ቦታው ተለቀቀ። ደስ ብሎኝ የጥሪ ካርዱን ስከፍት አንድም ፊደል የለም። ከላይ እስከ ታች ባዶ ሣጥን በሣጥን ሆኗል።

አባት ከወንበራቸው ተነስተው ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አሉ። «ልጄ፣ የልጄ ስም የት ሄደ?»

«አሁን ይመጣል አባቴ» አልኳቸው፤ ከየት እንደሚመጣ ግን አላውቅም። ለእህቴ ነገርኳት። አንድ ነገር ተናገረች። መስመሩ ይቆራረጣል፤ የሰማሁት «መልሰሽ ተጫኚው» የሚል ነው። ዋይን ተጫንኩ። እንዲህ የሚባል ትዕዛዝ አላውቅም አለኝ። ደግሜ ተጫንኩ፤ አሁንም አላውቅም አለኝ።

«አላውቅም ይለኛል!»

«ምኑን?»

«ዋይን ነዋ። ተጫኚው አላልሽም?»

«ጫኚው ነው ያልኩሽ! ፎንቱን፣ የፊደሎቹን ቅርጽ፣ መልሰሽ ጫኚው! አብሮ ጠፍቷል እኮ። በይ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፣ ቶሎ ፓኬጅ ግዢ።»

«የትኛውን ፓኬጅ?»

«የስልኩን!»

ወንበሬ ላይ ዘፍ አልኩ። አባት በሐዘኔታ አዩኝና «ታመመች እንዴ?» አሉኝ። እህቴን ይሁን ኮምፒውተሩን አልገባኝም። ለሁለቱም «አዎ» አልኩ።

ከስልኬ ኢንተርኔት አገናኝቼ እህቴ ያለችውን ጻፍኩ። ጥቁሩ መስኮት ለረጅም ጊዜ ሲያጉረመርም ቆይቶ ዝም አለ። ካርዱን ዘግቼ ስከፍተው ሣጥኖቹ ፊደል ሆነዋል። አባት የልጃቸው ስም ላይ ጣታቸውን አሳርፈው «እሱ ነው» አሉ።

ካርዶቹ እየታተሙ ሳለ ምን እንደነበረ ጠየቁኝ። ፊደሎቹ ከሌላ ፕሮግራም ጋር መጥተው እንደነበርና እሱ ሲባረር አብረው እንደተባረሩ፣ እኔም ሳይገባኝ ነገርኳቸው።

«እነሱ ምን አጠፉ ታዲያ?»

ጥያቄውን ለእህቴ አስተላለፍኩ።

«ምንም አላጠፉም። ፈላጊ የላቸውም ብሎ ነው» አለች።

«በየቀኑ እየጻፍኩባቸው?»

«አንቺ መጻፍሽን አይቆጥረውም። ማን እንዳስመጣቸው ብቻ ነው የሚያየው።»

ይህን ስሰማ ጭራሽ ተምታታብኝ። «ገባሽ?» ስትለኝ ግን «ገባኝ» አልኳት፤ ደንበኛዬን መኪና ሊያመልጣቸው ነበር።

አባት ከካርዶቹ አንዱን መዘው ሰጡኝና ወጡ። በሠርጉ ቀን ወናጎ ሄድኩ። ገና ከድንኳኑ ስገባ ክንዴን ይዘው ዘመዶቻቸው መሐል አቆሙኝና «የልጄን ስም ያጠፋችውም የመለሰችውም ይቺ ነች!» አሉ። ሁሉም ዞሮ እኔን አየ። አንዲት ሴትዮ ጠጋ ብላ «እንዴት አድርገሽ?» ስትለኝ፣ «ማጥፋቱ በአንድ ፊደል ነው፤ መመለሱን እህቴን ጠይቂ» አልኳት።