ሲግል የሚተኩስ ሞተር

ትዕዛዙ በዘመሮ ገበያ ጫፍ መኪና ሲጠግን ዐሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። ከዚያ በፊት አምስት ዓመት ታስሯል። ዓለም ከተማ ጋራዥ ተቀጥሮ ሲሠራ አንድ ባልደረባው በእናቱ ሰደበውና፣ የያዘውን የክሪክ ዘንግ ፊቱ ላይ አሳረፈበት። የሰውዬው ግራ ዓይን ፈሰሰ። ብረት አጥንት ላይ ሲያርፍ የሚሰማው ያ ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮው አልወጣም። ከእስር ሲፈታ ዓለም ከተማን ትቶ፣ ሚስቱን ዘነበችን ይዞ ወደ መንዝ ደጋ ወጣ። ብቻውን ይሠራል። ንዴቱ ሲመጣበት መፍቻውን መሬት ያስቀምጥና ሁለት እጁን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ይቆማል። ገበያተኛው የበረደው ይመስለዋል።

ባለፈው ኅዳር፣ በቅዳሜ ገበያ፣ የበግ ነጋዴው ምንይሉ ከንጉሡ ዘመን የቀረችውን ባለሸራ መኪናውን እያስነጠሳት መጣ። ከአባቱ የወረሳት ናት፤ ከሚስቱ ቀጥሎ የሚወዳት እሷን ነው ይሉታል።

"ጠዋት ስትነሳ ደህና ናት" አለ። "ስትሞቅ ታብዳለች። ዳገት ላይ ትንገዳገዳለች፣ ከኋላዋም እንደ ጠመንጃ ትጮኻለች።"

እንደ ጠመንጃ የምትጮኽ መኪና ለምንይሉ ቀልድ አልነበረችም። ታላቅ ወንድሙ በእርሻ ድንበር ተጣልቶ የገበሬውን የአባይነህን አጎት ገድሎ ወህኒ ወርዷል። ሽማግሌዎች ገብተው የእርቁን ቀን ቢቀጥሩም ደሙ ገና አልደረቀም። የአባይነህ ቤት ደግሞ አሞራ ገደል ከሚሉት ዳገት አናት፣ ከመንገዱ ዳር ነው። ምንይሉ ወደ ቤቱ ለመግባት በዚያ በኩል ከማለፍ ሌላ መንገድ የለውም።

ትዕዛዙ ኮፈኑን ከፈተ። ሞተሩ እየሠራ፣ እሳት የሚጭሩትን የካንዴላዎቹን ገመዶች በየተራ ይነቅል ጀመር። አንደኛውን ሲነቅል ሞተሩ ተንገዳገደ፤ ሁለተኛውንም ሲነቅል እንዲሁ። ሦስተኛውን ሲነቅል ግን ድምፁ አልተለወጠም።

"ይቺ ሞታለች" አለ።

ሞተሩን አጥፍቶ ካንዴላዋን ፈታ። በቤንዚን ርሳ፣ ጥላሸት ጠጥታለች። አጽድቶ ማየቱንም ትቶ አዲስ ካንዴላ አሰረና አስነሳት፤ እንደ ስፌት መኪና ተስተካከለች። ልቡ ግን አልረጋም። አንዲት የታፈነች ካንዴላ ብቻዋን ያን ያህል አታስጮኽም። እሳቱን ለካንዴላዎቹ ከሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር ጎን የምትታሰረውን፣ አውራ ጣት የምታህለውን ኮንዴንሰር ጠረጠረ። ኮንዴንሰር ስታረጅ ሲበርዳት ትሠራለች፣ ስትግል ትከዳለች። ያኔ እሳቱ ይደክምና ሳይነድ ያለፈው ቤንዚን የጭስ ማውጫው ማርሚታ ውስጥ ገብቶ ይፈነዳል። እንዲህ መሆኑን ለማወቅ ደግሞ ሞተሩን አግሎ ማየት ነው እንጂ ሌላ ዘዴ የለም።

"ግማሽ ሰዓት ታገሠኝ። ትሙቅና ልያት።"

"በጎቼን የሚረከበኝ ሰው ቤቴ እየጠበቀኝ ግማሽ ሰዓት? አሁን ደህና ሆናለች እኮ።"

"ገና አልጨረስኩም።"

"ድሮስ ከወህኒ ቤት መካኒክ ምን ይጠበቃል" አለ ምንይሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ። የሰሙ ገበያተኞች ዞር አሉ። "ዓይን ማፍሰስ እንጂ ሞተር ማየት የት ታውቅና።"

ትዕዛዙ መፍቻውን መሬት አስቀመጠ። እጆቹን ብብቱ ውስጥ ከተተ።

"ውሰዳት" አለ።

"ጨረስክ?"

"ውሰዳት አልኩህ።"

ስለ ኮንዴንሰሯ አንድ ቃል ቢናገር ኖሮ በበቃ። ዝም ያለው እጁን ፈርቶ ብቻ አልነበረም። ዳገቱ መሀል ትቁምበትና ሲገፋት ይዋል ብሎ ነበር በልቡ።

አንድ ሰዓት ሳይሞላ ገበያው ተናወጠ። ሴቶች እህላቸውን ጥለው ቆሙ፤ ወንዶች ዱላቸውን እያነሱ ወደ ላይ ሮጡ። ምንይሉ ተመታ ተባለ። አባይነህ አውድማው ላይ ገብስ ሲያበራይ ከመንገዱ ሁለት ጊዜ ተተኮሰብኝ ብሎ፣ ከክምሩ ሥር ያኖረውን ጠመንጃ አንስቶ ሦስት ጥይት ለቆበት ነው። አንዷ የምንይሉን ጭን ሰብራ ወጥታለች። በአጋጣሚ ያለፈ የጭነት መኪና ደሙ እየወረደ ወደ ሆስፒታል ወስዶታል።

ትዕዛዙ "ሁለት ጊዜ" የሚለውን ሲሰማ የጮኸችው መኪናዋ መሆኗን አወቀ። የመሣሪያ ሳጥኑን አንስቶ፣ የጎረቤቱን ሞተር ሳይክል ለምኖ ወደ አሞራ ገደል ወጣ።

ሲደርስ የአባይነህ በር በመጥረቢያ ተፈልጦ ወድቋል። የምንይሉ ታናሽ ወንድም ቃለአብ ሠላሳ ያህል ዘመድ አስከትሎ አባይነህን ከቤቱ ጎትቶ አውጥቶታል። ሰውዬው እጁ በጠፍር ታስሮ መሬት ላይ ተንጋሏል፤ ግንባሩ ተፈንክቶ ፊቱ አይለይም። ሚስቱ ወሰንየለሽ በሰደፍ አፏን ተመትታ፣ ጥርሷን እየተፋች በደረቷ ትሳባለች። አንዱ ከምድጃው የጫረውን እሳት ይዞ የቤቱን ክዳን እያየ ቆሟል። የደብሩ ቄስ መምሬ ወልደ አማኑኤል መስቀላቸውን ዘርግተው ከመሀል ቢገቡም እየገፈተሩ ያልፏቸዋል።

"እሱ ነው ቀድሞ የተኮሰ" ይላል አባይነህ በደም በተሞላ አፉ። "ሁለት ጊዜ። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።"

"ወንድሜ ዱላ እንኳ አልያዘም ነበር" አለ ቃለአብ፣ የጠመንጃውን አፈሙዝ አንገቱ ላይ እየጫነ።

"መኪናዋ ናት የተኮሰችው" አለ ትዕዛዙ።

ማንም አልሰማውም። ሰዎቹን በትከሻው እየከፈለ ገብቶ ከአባይነህ ራስ አጠገብ ቆመና ደገመው።

"አላመንኩህም" አለ ቃለአብ። "አሳየኝ። ካላሳየኸኝ ሁለታችሁንም ነው።"

"ልጄ፣ ሰውዬው እግርህ ሥር ነው" አሉ መምሬ ወልደ አማኑኤል። "ብትጠብቅ የት ያመልጥሃል?"

ባለሸራዋ ቦዩ አፋፍ ላይ ተንጋዳ ቆማለች። ወንበሯ በደም ርሷል። ባትሪዋ ስለደከመ ትዕዛዙ የእጅ ማስነሻ ብረቱን ከፊቷ ሰክቶ በሦስተኛው ጥምዘዛ አስነሳት። ከዚያ ምንይሉ ብርድ ይከላከልበት የነበረውን የሱፍ ባና ከወንበሩ አንስቶ ነፋስ እንዳይገባት ራዲያተሯን ሸፈነበት። የመንዝ ብርድ ሞተር ቶሎ አያሞቅም።

ሞተሩ ያለ ሕመም ይዘምር ጀመር። አምስት ደቂቃ፣ ዐሥር ደቂቃ። ሰዉ ማጉረምረም ያዘ።

"ምን አላት? ደህና አይደለችም እንዴ?"

"ጊዜ እየገዛለት ነው።"

አንዱ አባይነህን ጎኑ ላይ ረገጠው፤ እሱም እንደ በሬ አጓራ። ትዕዛዙ ወደዚያ አልዞረም። ካቻቢቴውን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ያዳምጣል። ላቡ በብርዱ መሀል ይንጠባጠባል። መኪናዋ ባትታመም ሰው እንደሚገደል ያውቃል፤ ብትታመም ደግሞ የራሱ ነገር እንደሚወጣ ያውቃል።

ከሩብ ሰዓት በኋላ ሞተሩ አንዴ ተደናቀፈ። ቀጥሎ ደጋገመው። ትዕዛዙ ነዳጁን በእጁ ሰጥቶ ለቀቀው።

ፍንዳታውን ገደሉ አስተጋባው። ሠላሳው ሰው መሬት ላይ ተነጠፈ። ከቃለአብ ጀርባ የነበረው አንዱ ደንግጦ ቃታ ሳበና፣ ጥይቱ በረቱ ደጅ የታሰረችን በግ አንገት በጥሶ አለፈ። በጓ እየተንፈራገጠች ሳለ መኪናዋ ሁለተኛ ጮኸች።

"ይኸው" አለ ትዕዛዙ። 

ሞተሩን አጥፍቶ፣ ጣቶቹ እየተቃጠሉ ኮንዴንሰሯን ፈታና ከሳጥኑ ሌላ አውጥቶ አሰረ። እንደጋለች መልሶ አስነሳት። ነዳጅ ቢሰጣት፣ ቢለቃት፣ ቢመላልሰው አልጮኸችም። እሳት የያዘው ሰውዬ ትንታጉን መሬት ላይ ጥሎ ረገጠው። መምሬ ወልደ አማኑኤል ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

ቃለአብ አፈሙዙን ከአባይነህ አንገት አነሳ። ትዕዛዙን ግን ትኩር ብሎ እያየው ነበር።

"ዛሬ ጠዋት ካንተ ዘንድ ነው የወጣችው።"

"አዎ።"

"ይኼን ታውቅ ነበር?"

አላውቅም ቢል የሚያጋልጠው አልነበረም።

"ጠርጥሬ ነበር" አለ። "ሰደበኝና ዝም አልኩ።"

የመጀመሪያው ዱላ ቀኝ ክንዱ ላይ አረፈ። አጥንቱ ሲሰበር ያንን የሚያውቀውን ድምፅ ሰማው፤ አሁን ከራሱ ገላ ወጣ። በግራ እጁ የማስነሻ ብረቱን ይዞ ነበር። የቃለአብ ፊት እዚያው ፊት ለፊቱ ነው፤ አንድ ክንድ አይርቅም። ትዕዛዙ ብረቱን ወደ ገደሉ ወረወረው። ሁለተኛው ዱላ ትከሻውን፣ ሦስተኛው ጀርባውን አገኘው። ከዚያ በኋላ የመታው ማን እንደሆነ አያውቅም። መምሬ ወልደ አማኑኤል ላዩ ላይ ተኝተው ነው ያስቆሟቸው፤ እሳቸውንም አንድ ዱላ እጃቸው ላይ አግኝቷቸዋል። በዚያ ግርግር ሚሊሻዎች ደርሰው አባይነህን በሕይወቱ ወሰዱት። በኋላ ፍርድ ቤት አራት ዓመት ፈረደበት።

የትዕዛዙን ክንድ ወጌሻ አሰረለት። ጠማማ ሆኖ ገጠመ።

በሦስተኛው ሳምንት አውቶቡስ ተሳፍሮ ምንይሉ የተኛበት ሆስፒታል ሄደ። የምንይሉ ሚስት ጥሩሸዋ ስታየው ከአልጋው ጠርዝ ተነሥታ በሩን ዘጋችበት። ምንይሉ ከውስጥ "ይግባ" አላት። እግሩ በብረት ተወጥሮ ተሰቅሏል፤ ፊቱ ገርጥቷል።

"ነግረውኛል" አለ ምንይሉ።

"ከአፌ እንድትሰማው ብዬ ነው። ዳገት ላይ ቆማብህ ስትገፋ ትዋል ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ጥይት አላሰብኩም።"

ምንይሉ ፊቱን ወደ ጣሪያው መለሰ።

"እኔም ያን የዓይኑን ነገር ያነሳሁት አውቄ ነው" አለ። "ተናድደህ ቶሎ እንድትለቀኝ።"

ትዕዛዙ የሚቀመጥበት አልተሰጠውም፤ የተሰበረ ክንዱን በደህናው ደግፎ ቆሟል።

"ይቅር በለኝ።"

"ዛሬ አልችልም" አለ ምንይሉ። "ሌሊት ሌሊት እግሬ ሲጠዘጥዘኝ አንተን ነው የምረግመው። ልዋሽህ አልፈልግም።"

ጥሩሸዋ እስከ ደረጃው ሸኘችው።  አንድ ደረጃ ሲወርድ አውቶቡስ መናኸሪያው በየት በኩል እንደሆነ ሳይጠይቃት በእጇ አሳየችውና ወደ ባሏ ተመለሰች።