ኬላው እጅ የቀየረበት ምሽት

ሐሙስ ጠዋት ወንድሜና እኔ መርሳ ወንዝ ዳር ባጃጁን አጠብን። እሱ ጎማ ይፈትጋል፣ እኔ ውሃ አመላልሳለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ቤት ስለተቀመጥኩ መቀለጃው ነበርኩ።

«ምሁሩ፣ ውሃውን እየለካህ ነው እንዴ የምትቀዳው?»

«አንተ እንደምትነዳው ነው የምቀዳው፤ ቀስ ብዬ።»

«እኔ ቀስ ብዬ ብነዳ ምሳ አትበላም ነበር» አለና ረጨኝ።

ያን ሰሞን በሀብሩ ወረዳችን ባጃጅ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ አይንቀሳቀስም። ወንድሜ ግን ወላድና በሽተኛ እንዲያመላልስ ቀበሌው ማኅተም ያለበት ወረቀት ሰጥቶት መስታወቱ ላይ ለጥፎታል። ወደ ሲሪንቃና ወልድያ መውጫ ያለውን ኬላ የሚጠብቁት የከተማው ፖሊሶች ያውቁታል። ፍጥነቱን ቀነስ ያደርጋል፣ እጁን ያነሳል፣ «እንዴት አመሻችሁ» ይላል፣ ያልፋል። አይቆምም። እኔም ከኋላ ተቀምጬ ስንት ጊዜ እንዲሁ አልፌያለሁ።

አመሻሽ ላይ የጎረቤታችንን ሚስት ምጥ ያዛት። አምቡላንስ ስላልተገኘ ወንድሜ ወልድያ አደረሳት። ሲሄድ ኬላው ላይ ፖሊሶቹ ነበሩ። ሲመለስ ወታደሮች ተረክበውታል። ለእሱ የነገረው የለም። ለእነሱም ስለ ወረቀቱ የነገራቸው የለም። ቀነስ አደረገ፣ እጁን አነሳ፣ አለፈ። ተኮሱ። ይህን የነገረን ሚስቱን ሆስፒታል አስገብቶ አብሮት ይመለስ የነበረው ያው ጎረቤታችን ነው።

እንዴት እንደምለው አላውቅም። ፖሊስ ሰፈሩን ያውቃል። ወታደሩ ሌላ ነገር ሊጠብቅ የመጣ ነው፤ ሲመሽ የማይቆም ባጃጅ ለእሱ ሌላ ትርጉም አለው። ይህ ይገባኛል። የማይገባኝ፣ አንዱ ሲወጣ ሌላው ሲገባ በመሃል አንድ ቃል አለመነገሩ ነው።

ዓርብ ጠዋት አስከሬኑ ወልድያ ሆስፒታል ነበር። በእኛ ዘንድ ጀናዛ አይቆይም፤ አባቴ ከጁምዓ ሰላት በኋላ እንቅበረው አሉ። ሆስፒታሉ ደግሞ ለአስከሬን ምርመራ የፖሊስ ደብዳቤ ጠየቀ። በሚኒባስ መርሳ ተመልሼ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ።

«እኛ አልተኮስንም» አለኝ ተረኛው ፖሊስ። «ኬላው አሁን የእነሱ ነው። ደብዳቤ ከእነሱ አምጣ።»

የወታደሮቹ ካምፕ በር ላይ አንድ መኮንን በትሕትና አነጋገረኝ። «አዝናለሁ ወንድሜ። እኛ ለምርመራ ደብዳቤ አንጽፍም። የሲቪል ሰው ጉዳይ የፖሊስ ነው።»

ፖሊሱ ስመለስ ገና ከበሩ አየኝ። «መለሱህ አይደል? አውቄዋለሁ።»

ካወቅህ ለምን ላክኸኝ? አላልኩትም።

ወልድያ ስደርስ ሰዓቱ ሄዷል። ያለ ምርመራ አስከሬን ለመውሰድ ቤተሰብ የሚፈርመው ወረቀት አለ ተባልን። አባቴ ማንበብ አይችሉም። ለእኔ ሰጡኝ። «ምርመራ አንፈልግም» ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

«አባዬ፣ ይህን ከፈረምን በኋላ እንዴት እንጠይቃለን?»

«ፈርም ልጄ። ወንድምህን እዚህ አታቆየው።»

ፈረምኩ። ከሰላቱ በኋላ ቀበርነው።

ቅዳሜ ጠዋት ለቅሶ ደራሹ ሳይበዛ ወጥቼ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ያው ፖሊስ ነበር። የፈረምኩት ወረቀት ቅጂ ከእኔ ቀድሞ ደርሶታል።

«ፊርማህ ነው?»

«ነው።»

«ታዲያ በምን ልመርምር? ምርመራ አንፈልግም ብላችሁ ቀበራችሁ።»

ንዴቴ በእሱ ይሁን በራሴ እጅ፣ አልለየሁትም።

«ጥይቱን አይደለም የምጠይቀው» አልኩት። «ኬላውን በስንት ሰዓት አስረከባችሁ? ስለ ቀበሌው ወረቀት ማን ለማን ነገረ? ለዚህ አስከሬን አያስፈልግም።»

«ይህ የእኔ ደረጃ አይደለም፣ አንተ ልጅ። ቤትህ ሂድ፣ ሰው ይጠብቅሃል።»

አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ሁለት ባለጉዳይ አስተናገደ፣ ሦስተኛውም መጣ። አየኝ፤ አልተነሳሁም። በመጨረሻ ቃል መቀበያ ወረቀት ሳበና «በል ተናገር» አለኝ።

«ወንድሜ ሲሄድ እናንተ ነበራችሁ» አልኩት። «ሲመለስ አልነበራችሁም።»

እስክሪብቶው አልተንቀሳቀሰም። እንዳልኩት እስኪጽፈው ድረስ ደግሜ ደጋግሜ ነገርኩት።