መመለሻው ያልተጻፈበት ውል

የልጅ ልጄ ሰላማዊት ነርስ ናት። ባለፈው ማክሰኞ አንድ ወረቀት ይዛ መጣች፤ ነርሶችን ለስድስት ወር ሩቅ አገር የሚልክ ኤጀንሲ የሰጣት ውል ነው። «አባባ፣ ደመወዙ ጥሩ ነው፤ ነገ ልፈርም ነው» አለችኝ። እኔ ከአራተኛ ክፍል ያላለፍኩ ሰው ነኝ። ግን ውል ሲባል እስከ ዛሬ ዝም ብዬ አላልፍም።

በደርግ ጊዜ መቱ ውስጥ ባንድ ክሊኒክ ድሬሰር ነበርኩ፤ ቁስል አጥባለሁ፣ መርፌ እወጋለሁ። ክረምት ነው። የዚያ አገር ዝናብ አንዴ ከጀመረ ማቆሚያ የለውም፤ የያዮ መንገድ ጭቃ ብቻ ነው። አንድ ጠዋት ቆላ ላለ እርሻ ሠራተኛ የሚመለምል ሰው መጣና «ድሬሰር እፈልጋለሁ፤ ሦስት ወር ብቻ፣ ደመወዝ እጥፍ» አለ። እኔና ባልደረባዬ ገመቹ ተሽቀዳድመን መታወቂያችንን ሰጠነው። ገመቹ እዚያው ፈረመ። እኔ ሠርጌ ለጥር ተቆርጦ ስለነበር ልቤ ትንሽ ፈራና ወረቀቱን ለእትዬ ዘነበች ወሰድኩላቸው። የክሊኒኩ ነርስ ናቸው፤ በኮንትራት ብዙ አገር ዞረዋል።

የተቀቀለ ጎደሬ እየላጡ ነበር። «ደመወዙን ተወውና መመለሻህን አሳየኝ» አሉኝ።

በጣቴ እየተከተልኩ ፈለግሁት። «ተተኪው ሲመጣ የመመለሻ ይለፍ ይሰጠዋል» ይላል። ያኔ ያለ ይለፍ ወረቀት ኬላ አይታለፍም።

«ተተኪው ካልመጣስ?»

«ሦስት ወር ብሎኛል እኮ፣ እትዬ።»

«እሱ አለ። ወረቀቱ አላለም።»

ጎደሬውን ትተው ተነሱ፤ ተከተልኳቸው። ሰውየው የመጣበት የጭነት መኪና ሞተሩ ተነስቷል። ገመቹ ከሸራው ስር ተቀምጦ ጥብስ በቆሎ ይግጣል። በኦሮምኛ «ኮቱ!» ይለኛል፤ «ና እንጂ ሙሽራው! ገና ሳታገባ ፈቃድ መጠየቅ ጀመርክ?» እያለ ይስቅብኛል።

እትዬ ዘነበች ቀጣሪውን «ወንድሜ፣ ይሄ ልጅ የሚተካው ማንን ነው?» አሉት።

«የድሮው ድሬሰር ወጥቷል።»

«ተተኪ ሳይመጣለት እንዴት ወጣ?»

ሰውየው ሰዓቱን አየ። ሾፌሩ ፊቱን አዞረ። ወይ ሞቷል ወይ ጠፍቷል ማለት ነው። መታወቂያዬ ሰውየው ደረት ኪስ ውስጥ ነው፤ ያለሱ መቱም ውስጥ ከሰው አልቆጠርም።

እሳቸው ድምፃቸውን እንኳ አልቀየሩም። «ለማንኛውም የጤና ማስረጃ ያስፈልገዋል። መታወቂያውን ስጠኝ፣ ቁጥሩን ልገልብጥ።» ሰጣቸው። ጋውናቸው ኪስ ከተቱትና «የዚህ ልጅ ሳንባ አላማረኝም» ሲሉት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

ክንዴን ይዘውኝ ሲመለሱ ቀስ ብለው «ሂድ፣ ለገመቹም ንገረው» አሉኝ።

አልነገርኩትም። አፌን ከከፈትኩ ሰውየው ነቅቶ እኔንም ጭኖ የሚሄድ መሰለኝ። መኪናው ጭቃ እየረጨ ሲወጣ ገመቹ በበቆሎው ቆረቆንዳ ተሰናበተኝ፤ እኔም እጄን አነሳሁለት።

ጥር ላይ ተዳርኩ። ሚዜዬ ሊሆን የነበረው ገመቹ የመጣው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ ወባ በልቶት አጥንቱ ቀርቶ። ለምን እንደቀረሁ አንድም ቀን አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር።

ይህን ስነግራት ሰላማዊት ውሉን ገልጣ መመለሻውን መፈለግ ጀመረች።

«ብቻሽን ነሽ?» አልኳት።

«ከጓደኛዬ ከሜቲ ጋር ነን።»

«እሷ ፈርማለች?»

«ዛሬ ከሰዓት ትፈርማለች፣ አባባ።»

ወረቀቱን ከእጇ ወሰድኩና «በይ መጀመሪያ ለእሷ ደውዪ» አልኳት። «ያንቺን ቀስ ብለን እናነበዋለን።»